የእንጦጦ ማገዶ እና የክላውድ ኪራይ

አፄ ምኒልክን ከእንጦጦ ያወረዳቸው ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ ማገዶም ርቆ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆረቆረች። ጥቂት ቆይቶ እዚህም እንጨቱ አለቀና መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ መጣ። ከተማዋን እዚሁ ካስቀሯት ነገሮች ዋነኛው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ አንዴ መጣ፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለአውስትራሊያ በየዓመቱ የከፈልነው ኪራይ የለም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሰርቨር ለመጻፍ ነው።

ዛሬ ያ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ የምትልከው ወደዚያ ነበር። ሳተላይቷን ሁሉም አጨብጭቦላታል። መረጃው ከሰማይ ከወረደ በኋላ የት እንደሚቀመጥ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የሳተላይት ምስልም ሆነ የባንክ ሒሳብ መጨረሻው ሰርቨር ላይ ነው። ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ከ2014 ወዲህ እነ ሬድ ፎክስ፣ ዊንጉና ራክሲዮ የዳታ ማዕከል የከፈቱት ለዚሁ ገበያ ነው።

ድሮ ለአንድ ሥራ አንድ ሰርቨር ይገዛ ነበር፤ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ መብራት ይበላል። አሁን አንዱ ማሽን፣ ሆስት የሚሉት፣ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስተናግዳል። ሆስቶቹ ሲተሳሰሩ ክላስተር ይባላሉ። ነገሩ እንደ ዕድር ነው፤ አንዱ ሲወድቅ የእሱን ሸክም ሌሎቹ ይካፈላሉ። መካፈል የሚችሉት ግን ቦታ ካላቸው ነው። አራት ሆስት ካላችሁ እያንዳንዱ ከሦስት አራተኛ በላይ መሞላት የለበትም። በጀት ያዥ ዓይን ውስጥ ግን ያቺ ባዶ ሩብ ብክነት ናት፤ ቶሎ ትሞላለች። ከዚያ ስሙ ክላስተር፣ ሥራው ግን የድሮው ብቸኛ ሰርቨር ይሆናል።

ሌላው ጣጣ ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው። በዓለም ላይ በስፋት የተለመደውን ቪኤምዌርን ኅዳር 2016 ብሮድኮም ገዛው፤ በማግሥቱ ወር የዘላቂ ፈቃድ ሽያጭ ቀርቶ ኪራይ ብቻ ሆነ። ሐምሌ 2016 ደግሞ ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሁለቱን ደምሩት።

ከ2007 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሊነክስ ውስጥ የተካተተ ኬቪኤም የሚባል አማራጭ አለ፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ኪራይ የለውም። ወጪ ግን አለው። ባሕር ዛፍም ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ስንት ተወቅሷል! የኬቪኤም ወጪ ለሰው የሚከፈል ነው፤ ዲስክ ሲሞላ፣ ሆስት ሲወድቅ በእኩለ ሌሊት ተነስቶ የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈልጋል። የእሱ ደመወዝ ግን በብር ነው።