ወንዝ ዳር የቀሩ ላሞች

ከብት አርቢ አዲስ ላም ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግቷ ላይ ነው። ዲላ አቅራቢያ፣ ሻቤ በተባለው ቦታ፣ በወንዝ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ላሞችን የቀረጸው የጥንት ሰውም እንዲህ ያለ ዓይን ነበረው። ገላቸውን ከጎን፣ ቀንዳቸውን ደግሞ ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ሠራቸው፤ ጭንቅላታቸውን አሳንሶ ግታቸውን አጎላው።

ሃምሳ ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ከ40 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ውሃ ጠጥቶ እንደሚመለስ መንጋ ተከታትለው ይሄዳሉ። ዛሬ በአገራችን የምናውቃቸው ከብቶች አብዛኞቹ ሻኛ አላቸው፤ የሻቤዎቹ የላቸውም። ድንጋዩ ያቆየልን የጥንቱን ዝርያ መልክ ነው።

ቦታው በምሁራን ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በጊዜው የዲላ አካባቢ ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ጠቆሙ፤ ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ፍራንሲስ አንፍሬ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1967 ጥናቱን አሳተመ።

በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓም ሰላም የሰፈነበትን የውሃ ዳር መቅረጽ የሚወዱ ሰዎች ነበሩት። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሞር ሄደን እ.ኤ.አ. በ1860 የሺር መንደርን የወፍጮ ኩሬ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሠራ። በዚህ ጥበብ ሰሌዳው ሰም ይቀባል፤ ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው መስመር ተበልቶ ይጎደጉዳል። ጉድጓዱ ቀለም ይሞላና በማተሚያ ሲጫን ሥዕሉ ወረቀት ላይ ይወጣል። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

የሻቤው ሰው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። የላሟን ዙሪያ ፈልፍሎ አወጣ፤ ላሟን አስቀረ። ቅጂ የላትም። ከአለቱ ብትፋቅ የምትተካት ሌላ የለችም።

ዲላ የጌዴኦ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዛፍ ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አብሮ የሚያበቅለው ሕዝብ በጥብቅ ደኖቹና በትክል ድንጋዮቹ ታወቀ። ትክል ድንጋዮቹን ሽማግሌዎች ይንከባከቧቸዋል። ለሻቤ ላሞችም የምመኘው ይህንኑ ነው። የዲላ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ይውረዱ። ልጆቹ ድንጋዩን ሳይነኩ፣ ስማቸውን ሳይጭሩበት ቆመው ይዩት። እረኛ የሆነ ልጅ ካለ ማንም ሳይነግረው ሻኛ እንደሌላቸው ያስተውላል፤ ያ ልጅ ነገ የመንጋው ጠባቂ ይሆናል።