ጠብቆና ላልቶ፤ ቀለም ያልያዘው ድምፅ

ተዋናይ ቃለ ተውኔቱን ከመድረክ ሲያሰማ፣ መምህርም በክፍል ውስጥ ሲያነብ፣ በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር ከራሱ ይጨምራል። «ጠላት ይመታል» የሚለውን እንውሰድ። መ እና ታ ጠብቀው ቢነበቡ ተመቺው ጠላት ነው፤ ላልተው ቢነበቡ ግን መቺው እርሱ ራሱ ይሆናል። ፊደሉ አንድ ሲሆን ድሉና ሽንፈቱ በአንባቢው አፍ ተይዟል። ልብስ ሰፊውና ሰፊው ሜዳ፣ የውኃ ዋናና ዋና ጉዳይ፣ የገና በዓልና «ገና አልመጣም» የምንለው ገና የሚለዩትም በዚሁ መንገድ ነው።

የዚህ ጥብቀት ታሪክ በከፊል የጠፋ ፊደል ታሪክ ነው። ግእዝ «ይትነገር» ሲል ተደራጊነትን የምታመለክተው ት ተጽፋ ትታያለች። አማርኛ «ይነገራል» ሲል ት ከጽሑፉ ወጥታለች፤ ነገር ግን ተከታይዋን ነ አጥብቃ በድምፅ ቀርታለች። የ«ይመታል» መ ሲጠብቅም የምንሰማው የዚችኑ ት አሻራ ነው። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ቋንቋዎች የማጥበቂያ ስፍራቸውን ተለዋውጠዋል። በግእዝ «ነገረ» ሲባል ገ ይላላል፣ «ይነግር» ሲባል ግ ይጠብቃል። በአማርኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ በ«ነገረ» ገ ይጠብቃል፣ በ«ይነግራል» ግ ይላላል።

ምልክት ባልነበረበት ዘመን ይህን ልዩነት ጠብቆ ያቆየው የንባብ ቤት ነው። ተማሪው ዳዊት ሲደግም የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን የሚለየው በመምህሩ ጆሮ እየታረመ ነው። ባለቅኔው ደግሞ የፊደሉን ዝምታ ሀብት አድርጎታል፤ አንዱ ቃል ላልቶ ሰሙን፣ ጠብቆ ወርቁን እንዲሰጥ ያደርጋል።

ቋንቋው ከዚህ ቤት ሲወጣ ግን ችግሩ ይገለጣል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ በተማረው ላይ ተመሥርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት የእያንዳንዱን ቃል አነባበብ በላቲን ፊደል አስፍሮ፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ ጽፏል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ 15 ቋንቋዎችን ሲያቅፍ ሁሉም የተጻፉት በዚሁ ፊደል ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኦሮምኛ ነው፤ እርሱም ቃላቱን በማጥበቅና በማላላት ይለያል። በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል መጻፍ ሲመረጥ፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ መጻፍ የአጻጻፉ ሕግ ሆነ። ለግእዝ ፊደልም ቢሆን የማጥበቂያ ምልክት ዛሬ በኮምፒዩተር የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል፤ የዕለት ጽሑፋችን ግን አይጠቀምበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምልክቱን በየመስመሩ መደርደር የአማርኛን አንባቢ ያሰለቻል፤ የባለቅኔውንም መንታ መንገድ ይዘጋል። አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሕፃን ግን ባልተጻፈ ነገር ሊፈተን አይገባም። ስለዚህ ምልክቱ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በመዝገበ ቃላትና አሻሚ ቃል ባለበት የተውኔት ጽሑፍ ላይ ስፍራ ይሰጠው። በቀረው ሁሉ ኃላፊነቱ በድምፁ የሚያነብ ሰው ነው፤ መድረክ ላይ የቆመ ሁሉ መቺውንና ተመቺውን ሳይለይ አፉን አይክፈት።