በርበሬ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ወጥ

በደብረ ወርቅ የጾም ማዕድ ላይ ቀይ የሽሮ ወጥና ቢጫ የአተር ክክ አልጫ ጎን ለጎን ሲቀርቡ የእንግዳው እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ቀዩ ነው። በዕድሜ ግን ታላቁ አልጫው ሳይሆን አይቀርም። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በርበሬ የገባበት የጎጃም ድስት አልነበረም። ጥራጥሬው በአንጻሩ የቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጣና በስተምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከላስታው ከተማ ጋር አይገናኝም) በተደረገ ቁፋሮ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የገብስ፣ የሽምብራና የሌላም ጥራጥሬ ፍሬ ተገኝቷል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር ከሰበሰበ በኋላ ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል።

ደብረ ወርቅ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ትገኛለች። ስሟን ያስጠራት ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የሚባለው ሥዕል ያለበት የማርያም ገዳም ነው። እንዲህ ባለ አገር የወጡን ዓይነት የሚወስነው ከኪስ ይልቅ የጾም ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታው፣ የነቢያቱ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲደመር ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከቅቤ ይርቃል። ካህኑና መነኩሴው ደግሞ ወደ 250 ቀን ይደርሳሉ። ይህን ሁሉ ቀን ሰውን በጉልበቱ ያቆመው ጥራጥሬ ነው። ገበሬው በሁዳዴ እርሻውን አያቆምም፤ ደበሎ ለብሶ ደጅ ለደጅ ቁራሽ የሚለምነው የቅኔ ተማሪም ትምህርቱን አያቋርጥም። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ራሱ ክክና ስንዴ አንድ ላይ የተቀቀለበት ነው።

ክኩ ድስት ውስጥ እስኪገባ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው። አተሩ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል። እሳቱ ከበረታ ያርና መራራ ይሆናል፤ ካነሰ ልጣጩ አይለቅም። ከዚያ በወፍጮ ይከካል። እዚህ ላይ ልምድ ይለያል፤ መጁን የምትጫን ሴት ዱቄት ታወጣለች፣ ቀለል አድርጋ የምታስኬደው ግን ፍሬውን እኩል ለሁለት ትከፍለዋለች። ሰፌዱ ሲንገዋለል ገለባው ወደ ጫፍ ይወጣል፣ ክኩ መሐል ይቀራል። ገለባውም አይጣልም፣ ለከብት ነው።

የደጋ ሴቶች ክክ አልበስል ብሎ ሲያስቸግራቸው ውሃውን ያማሉ። ሐሜቱ ከነምክንያቱ ነው። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ፍሬው ይጠነክራል። ቲማቲምም አሲድ ስላለው ቀድሞ ከገባ ክኩን ያደርቀዋል። ስለዚህ ክኩ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ፣ አረፋው እየተገፈፈ ለብቻው ይቀቀላል፤ ቀይ ሽንኩርቱ በኑግ ዘይት ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይጨመርበትና ክኩ ከነመቀቀያው ይገለበጥበታል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ቃሪያው ተሰንጥቆ የሚገባው ሊወርድ ሲል ነው፣ ይህን የሚያበላሹ የከተማ ምግብ ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

አውሮፓም የአተር ሾርባ አገር ነው። ስዊድናውያን ሐሙስ ሐሙስ ይበሉታል፤ ደቾች ማንኪያ እስኪያቆም ያወፍሩታል። እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሐን ሃይንሪሽ ግሩነበርግ የተባለ ጀርመናዊ የአተር ዱቄትን ከሞራና ከቅመም ጋር አድርቆ እንደ ቋሊማ ጠቀለለው። ወታደሩ ቆርሶ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲበትነው ሾርባ ይሆናል። የፕሩሲያ ጦር ፈጠራውን ገዝቶ በ1870 ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጋ ሠራዊቱን ቀለበበት፤ ክኖር የተባለው ኩባንያም እስከ 2018 ድረስ ሲያመርተው ኖረ። ከነቅመሙ የተፈጨ ሽሮ በአቁማዳ ቋጥራ ለዘማች ባሏ የምታሲዝ የጎጃም ሴት ይህን ብትሰማ ምን አዲስ ነገር አለው ማለቷ አይቀርም።

የክክ ታሪክ ግን አንድ ክፉ ምዕራፍ አለው፤ እሱም ጓያ ነው። በመረሬ አፈር ላይ ዝናቡ ሲያባራ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ድርቅ ሌላውን ሲያጠፋ እሱ ይተርፋል። ተከክቶም ሆነ ተፈጭቶ ከአተር ጋር ሲደባለቅ ባለሙያ ካልሆነ አይለየውም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግን ለወራት ከጓያ በቀር ሌላ ያልቀመሰን ሰው እግር ላይመለስ ያሽመደምዳል። ብዙ ጊዜ የሚመታውም ጉልበተኛውን ወጣት ነው። ገበሬው በሽታውን ያመጣው የሚፈላው ጓያ እንፋሎት ነው፣ ማሳውን ማቋረጥ ነው ሲል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ደምቢያና ፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ደላንታ ክፉኛ ተጎድተዋል። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ስፔናዊው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 ማድሪድ በተራበች ጊዜ ጓያ በልታ እግሯ የከዳትን ሴት ሥሏል፤ ስፔን የጓያ ዱቄትን ለሰው ምግብነት በ1967 ከልክላ የፈቀደችው በ2018 ነው። እዚህ አገር ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል መርዙ ያነሰውን ዋሴ የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። ጓያ ከመብላት ሌላ ምርጫ የሌለው ቤተሰብ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ ውሃውን ቢደፋ መርዙ ይቀንስለታል። ጨርሶ ግን አይጠፋም።

የአተሩ ክክ ይህ ስጋት የለበትም። 200 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ኩባያ የተቀቀለ ክክ 16 ግራም ያህል ፕሮቲንና ያንኑ ያህል አሰር ይዟል። አሰሩ የሆድ ድርቀትን ያስታግሣል፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልንም ዝቅ ለማድረግ ይረዳል፤ የስኳር ሕመምተኛ ከድንች ወጥ ይልቅ ክክ ቢመርጥ ያዋጣዋል። እህል የሚያንሰው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል አተር ውስጥ ሞልቷል፣ አተር የሚያንሰው ሜቲዮኒን ደግሞ እህል ውስጥ ይገኛል። ክክ በእንጀራ የሚበላ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጉርሻ ያገኛል። ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ፎሌትም አለው። የሚነፋው ሰው የተዘፈዘፈበትን ውሃ ይድፋው፤ ሆድ የሚነፉት ስኳሮች ከፊላቸው አብረው ይሄዳሉ።

ብረቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥራጥሬ ያለ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። የእንጀራው መብላላት ብረቱን አሥሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል፣ ጥሬ ቃሪያና ሎሚ ደግሞ በቫይታሚን ሲ ብረቱን ያግዙታል። ከማዕድ ቀጥሎ የሚቀርበው ቡና ግን ይቀማዋል፤ ደም ማነስ ያለባት ሴት ጀበናውን አንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው ይሻላታል።