ስሙ ለአንዱ፣ ፋብሪካው ለሌላው፦ አሮጌ ሮልስ ሮይስ ለማደስ ለምታስቡ

ናይሮቢ ውስጥ በየዓመቱ በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አሮጌ መኪኖች ተወልውለው ለውድድር ይቀርባሉ። ያን ያየ ነጋዴ ሁሉ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል፦ «ርካሽ ሮልስ ሮይስ ገዝተን፣ አድሰን ብንሸጠውስ?» ሐሳቡ አይናቅም። ግን እኛ ጤፍም ሆነ ጨርቅ ስንገዛ ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ዋጋ አንቆርጥም፤ ለዚህም መኪና ታሪኩን እናስቀድም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሮልስ ሮይስ ሙሉ መኪና አይሸጥም ነበር። የሚሸጠው ሻንሲና ሞተር ብቻ ነው። ቦዲውን ገዢው ራሱ መርጦ እንደ ሙሊነርና ፓርክ ዋርድ ላሉ ቦዲ ሠሪዎች ሰጥቶ ያሠራል። ጨርቁን ከሱቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ እንደ መውሰድ ማለት ነው። በ1955 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሲልቨር ክላውድም ቢሆን ቦዲው በፋብሪካ ቢዘጋጅለትም ከሻንሲው የተለየ ነበር። ለአዳሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቦዲውን ከሻንሲው አንስቶ ከታች ጀምሮ መሥራት ይችላል።

ነገሩ የተለወጠው በ1965 ሲልቨር ሻዶ ሲወጣ ነው። የተለየ ሻንሲ ቀረ፤ ቦዲው ራሱ ክብደቱን ተሸካሚ ሆነ። ዛሬ ገበያ ላይ «ርካሽ ሮልስ ሮይስ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ይኸው ሻዶ ነው፤ ከቀደሙት ሁሉ በብዛት ስለተሠራ በቀላሉ ይገኛል። በሮቹ፣ ኮፈኑና የኋላ ክዳኑ አሉሚኒየም ስለሆኑ እንደ ብረቱ አይዝጉም። የቀረው ግን ብረት ነው፤ በተለይ ከበሮቹ ስር ያለው የጎን ብረት። እሱ ከበሰበሰ መኪናው ወገቡ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ከላይ ምንም ቢያብረቀርቅ። ስቱኮ ለመፈለግ ማግኔት ይዞ የሚዞር ገዢም በሩ ላይ ማግኔቱ አልያዘም ብሎ አይደንግጥ፤ ከታች ከጎኑ ብረት ላይ ካልያዘ ግን ይደንግጥ።

የባሰው ወጪ ግን የማይታየው ነው። ሻዶ የኋላውን ከፍታ በጭነቱ ልክ የሚያስተካክልበትንና ለፍሬኑ ኃይል የሚሰጠውን የሃይድሮሊክ ስልት የወሰደው ከፈረንሳዩ ሲትሮኤን በፈቃድ ነው። በሞተሩ የሚነዱ ሁለት ፓምፖች፣ ናይትሮጅን የታመቀባቸው ኳሶች፣ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎችና ጎሚኒዎች አሉት። የሚጠጣው ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ የፍሬን ዘይት ነው። በ1980 የተተካው ሲልቨር ስፒሪት ግን ማዕድን ዘይት ይጠቀማል። ሁለቱን የቀላቀለ መካኒክ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አበላሽቶ፣ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ያስፈታል። ግሮገንም ሆነ ሶማሌ ተራ ያሉ ባለሙያዎቻችን እጃቸው የተባረከ ነው፤ ይህንን ግን ማንም በግምት ሊነካው አይገባም።

አሁን ወደ ንግዱ እንምጣ። በ1971 ኩባንያው ከሰረ። ያከሰረው መኪናው ሳይሆን ለሎክሂድ አውሮፕላን ያዘጋጅ የነበረው አዲስ የጄት ሞተር ወጪ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የአውሮፕላን ሞተሩን ክፍል ወረሰ፤ የመኪናው ክፍል ተለይቶ ወጣና በ1980 በቪከርስ እጅ ገባ። በ1998 ቪከርስ ለሽያጭ ሲያቀርበው ቮልስዋገን በ430 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በክሩ ከተማ ያለውን ፋብሪካ፣ ንድፎቹን፣ ቤንትሌይን፣ የፊት ፍርግርጉን ቅርጽና ክንፋማዋን ሐውልት ሳይቀር አገኘ። «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስም ግን የአውሮፕላን ሞተሩ ኩባንያ ንብረት ነበር፤ እሱም ለቢኤምደብሊው በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠው። ቤት ገዝቶ የበሩን ቁልፍ ጎረቤት ጋ እንደ ማግኘት ነው። በመጨረሻ ተስማምተው ከ2003 ጀምሮ ሮልስ ሮይስ በጉድዉድ አዲስ ፋብሪካ በቢኤምደብሊው ይሠራል፤ ክሩ ለቤንትሌይ ቀረ።

(በነገራችን ላይ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ትንሽ ቮልስዋገን ነበረች። ያቺን መኪና የሠራው ኩባንያ ከ24 ዓመት በኋላ የእነዚህን ትላልቅ መኪኖች ፋብሪካ ገዛ።)

ይህ ሁሉ ለአዳሽ ምን ይረባዋል? ለሻዶ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በስሙ ተመርቶ ወደ ጉድዉድ ቢሄድ ተሳስቷል። የድሮዎቹ መለዋወጫ የሚመጣው ከክሩ፣ ከቤንትሌይ በኩል ነው። በ1959 የተጀመረው የቪ8 ሞተር ዝርያም እየተሻሻለ እዚያው እስከ 2020 ድረስ ተሠርቷል። ስለዚህ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም፤ ሞተሩ ከሁሉም ያነሰ ራስ ምታት ነው። ቆዳውና የዎልነት እንጨቱ ግን ጊዜና ገንዘብ ይበላሉ፤ የእንጨቱ ገጽ ከአንድ ግንድ ተሰንጥቆ ግራና ቀኙ እንደ መስታወት እንዲመሳሰል ተደርጎ የተለጠፈ ስለሆነ፣ አንዱ ቢሰነጠቅ ብቻውን መተካት ያስቸግራል።

የወረቀቱ ጉዳይም አለ። እንግሊዝ አገር ፖለርስፐሪ መንደር ሃንት ሃውስ በሚባል ቤት የሮልስ ሮይስ ወዳጆች ማኅበር የየመኪናውን የፋብሪካ መዝገብ ይዟል። በሻንሲ ቁጥሩ ሲጠየቅ መኪናው መጀመሪያ ለማን እንደተሸጠና ምን ቀለም እንደነበረ ሊገኝ ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር፣ መኪናው ላይ የተመታው ቁጥርና መዝገቡ ከገጠሙ ያ ወረቀት ከአዲስ ቀለም ይበልጥ ዋጋ ያወጣል። ደላላው ቀለሙን ሲያሳያችሁ እናንተ ቁጥሩን ጻፉ፤ ቀብዱን መልሱ ከመጣ በኋላ ትሰጡታላችሁ።