ጎርፍ ያስተማራቸው ጠራዦች

ትምህርቱን ፈጽሞ የሚወጣ ወጣት፥ የተማረው ሁሉ ለሥራው የሚበቃው ይመስለዋል። ሥራ ራሱ ሁለተኛ ትምህርት ቤት መሆኑን የሚያውቀው ግን የመጀመሪያው ፈተና ሲደርስበት ነው። ጥንታዊ መጻሕፍትን በመጠበቅና በማደስ ሙያ ለተሠማሩ ወጣቶች ይህ ፈተና የመጣው በኢጣልያ ከተማ በፍሎረንስ ነበር።

ጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም.፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 1966፥ የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዪቱን አጥለቀለቀ። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ መጻሕፍትና ጽሑፎች፥ ጭቃና የማሞቂያ ዘይት በተቀላቀለበት ውሃ ተነከሩ። ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች መጻሕፍቱን እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ አወጡ፤ ብዙዎቹም መጻሕፍት በትምባሆ ማድረቂያ ቤቶች ደረቁ።

በፒተር ዋተርስ መሪነት ከእንግሊዝ አገር ከሄዱት ጠራዦች አንዱ፥ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ያልሞላው ክሪስቶፈር ክላርክሰን ነበሩ። አንድን መጽሐፍ በዝግታ አሳምሮ መጠረዝ የለመደ እጅ በዚያ ምን ይሥራ? አንዱን ሲያስጌጥ ሺሁ ይሻግታል። ስለዚህ ማስዋቡ ቀርቶ፥ መጽሐፉን ከጥፋት ማዳን ቀደመ። ቋንቋቸው የተለያየ ሠራተኞች እንዲግባቡም፥ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚደረገው ሁሉ በካርድ ላይ በምልክት ይጻፍ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከጭቃው የተገኘው ትምህርት ነው። በሙጫ የተጣበቁት የከበሩ ጥራዞች ወረቀታቸው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ፈነዱ። በ16ኛው መቶ ዓመት ገበታ በሌለው ለስላሳ ብራና፥ በጥቂት ሙጫ ወይም ያለ ሙጫ፥ በስፌት ብቻ የተለበዱት ተራ መጻሕፍት ግን ከነርሱ ይልቅ ጸንተው ተገኙ። ክላርክሰን ይህን አስተውለው፥ ስለዚሁ አጠራረዝ የደረሱትን ጥናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በመጽሐፍ አሳተሙ። ዋተርስም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ወደ አሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄደው፥ አንዱን ከማሳመር ብዙውን ማትረፍ ይቅደም የሚለውን አሠራር አስፋፉ።

እንግዲህ የእነዚህ ምሁራን መምህር፥ ስሙን ያልጻፈ የጥንት ጠራዥ ነበር ማለት እንችላለን። እኛም አዲስ ተመራቂን ወደ ሥራ ስንልክ፥ እጁን ከማፍጠኑ በፊት ዓይኑን እንዲከፍት ጊዜ ብንሰጠው መልካም ነው። ከማደስ አስቀድሞ፥ አሮጌው ነገር እስከ ዛሬ በምን ኃይል እንደ ቆየ መጠየቅ ይገባልና።