ከኤሪያ ዜሮ ለራቁት፤ የቨርቹዋል ሊንክ ጥንተ ታሪክ

የኔትወርክን ሥርዐት የሚያጠና ደቀ መዝሙር ኦኤስፒኤፍ የተባለውን የራውተሮች መነጋገሪያ ሕግ ሲጀምር አስቀድሞ የሚነገረው ትእዛዝ፣ ኤሪያ የሚባሉት ክፍሎች ሁሉ ባክቦን ከሚባለው ከኤሪያ ዜሮ ጋር መገናኘት አለባቸው የሚለው ሲሆን፣ ትእዛዙ ስለ ምን እንደ ተደነገገ የሚያብራራለት መምህር ግን ብዙ አይገኝም። ድንጋጌው ከፍርሃት የተወለደ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የኢንተርኔት ቀዳሚ አርፓኔት በመጀመሪያ ይሠራበት በነበረው ስልት፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ወደ ሌሎቹ ያለውን ርቀት በሠንጠረዥ አስፍሮ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ለጎረቤቶቹ ያቀብል ነበር፤ ጎረቤትም የሰማውን ያምናል፣ ያመነውንም መልሶ ያወራል። መስመር በተቆረጠ ጊዜ ታዲያ አንዱ «በእገሌ በኩል እደርሳለሁ» ሲል፣ እገሌም ያንኑ ወሬ ይዞ በፊተኛው ሲመካ፣ ርቀቱ በየዙሩ እየጨመረ መልእክቱ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይኖራል። ቻርልስ ሄድሪክ በ1988፣ አርኤፍሲ ከሚባሉት የኢንተርኔት ሰነዶች በአርኤፍሲ 1058 የጻፈው ሪፕ የተባለው የራውተሮች ሕግ፣ እርሱም የዚሁ ወገን ነውና፣ 16ኛውን እርከን የማይደረስበት ብሎ የቈጠረው ይህን ፍጻሜ የለሽ ቈጠራ ለመግታት ነው።

በ1979 የቢቢኤን ኩባንያ መሐንዲሶች ማክኪላን፣ ሪቸርና ሮዘን አርፓኔትን ከወሬ አውጥተው፣ እያንዳንዱ ጣቢያ የገዛ መስመሮቹን ሁኔታ ብቻ ለሁሉ እንዲያውጅ፣ ሁሉም የኔትወርኩን ካርታ በየራሱ ይዞ የሆላንዱ ሊቅ ዴይክስትራ በ1959 ባሳተመው ስሌት አጭሩን ፍኖት እንዲያገኝ አደረጉ። ይህም ቢሆን ያለ ፈተና አልቀረም፤ ኦክቶበር 27 ቀን 1980 ተራ ቍጥራቸው የተዛባ ማስታወቂያዎች፣ ቍጥሩ እንደ ቀለበት የሚዞር ነበርና፣ እያንዳንዳቸው ከሌላው አዲስ መስለው እየታዩ ኔትወርኩን ለብዙ ሰዓት አንቀው ይዘውታል። ከአዙሪት የሸሸው ሥርዐት በሌላ አዙሪት መያዙ ነው።

በማሳቹሴትስ የፕሮቲዮን መሐንዲስ የነበረው ጆን ሞይ ኦኤስፒኤፍን በ1989 በአርኤፍሲ 1131፣ ሁለተኛውንም ድርሰት በ1991 በአርኤፍሲ 1247 ሲያወጣ ይህ ሁሉ በፊቱ ነበረ። ካርታው በሰፋ መጠን የራውተሩ ማስታወሻና ስሌት ስለሚከብድ ኔትወርኩ በኤሪያ ተከፈለ፤ ነገር ግን አንዱ ኤሪያ የሌላውን ካርታ ስለማያይ፣ የድንበር ራውተሮች የሚያቀብሉትን የርቀት ማጠቃለያ ብቻ አምኖ ይቀበላል፤ በፊት በር የተባረረው ወሬ በጓሮ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ አጥቢያዎች በሀገረ ስብከታቸው በኩል ካልሆነ እርስ በርሳቸው እንዳይጻጻፉ እንደ ማለት፣ በኤሪያዎች መካከል የሚያልፈው ቃል ሁሉ በኤሪያ ዜሮ እንዲያልፍ ተወሰነ።

የሰው ሥራ ግን እንደ ሥዕሉ አይሆንም። ድርጅት ድርጅትን ይገዛል፤ የሩቁ ቅርንጫፍ በኤሪያ አንድ በኩል ካልሆነ ሽቦ አያገኝም፤ ወይም ባክቦኑ ራሱ ተቈርጦ ለሁለት ይከፈላል። ሕጉ ሳይፈርስ እነዚህን ለመታደግ የተሠራው ቨርቹዋል ሊንክ ነው፤ አንዲቱን ኤሪያ የሚጋሩ ሁለት የድንበር ራውተሮች በመካከላቸው የኤሪያ ዜሮ መስመር እንዳለ ተደርጎ ይቈጠርላቸዋል። መሐንዲሱ በሁለቱም ጫፍ የሚጽፈው የመሸጋገሪያዋን ኤሪያ ቍጥርና የወዲያኛውን ራውተር መለያ ብቻ ሲሆን፣ አድራሻውን ራውተሮቹ ከካርታው ያገኙታል፤ ዋጋውም በመካከላቸው ያለው የአጭሩ ፍኖት ድምር ነው። መለያው የተለወጠ እንደ ሆነ ግን፣ ሽቦው ሁሉ ደኅና ሳለ፣ ሊንኩ ይወድቃል። ባክቦኑ የይለፍ ቃል ካለውም፣ የኤሪያ ዜሮ ሽቦ ጨርሶ በማይደርስበት በወዲያኛው ራውተር ላይ እንኳ መጻፍ ያሻል፤ ይህን የዘነጋ መሐንዲስ ሌሊቱን በከንቱ ያነጋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ በዚህ ሊንክ ላይ የሚጓዘው የራውተሮቹ ንግግር ብቻ መሆኑ ነው። የተጠቃሚው ፓኬት በምንም ሳይሸፈን በመሸጋገሪያዋ ራውተሮች እጅ ተራ በተራ ያልፋል፤ እነርሱም መድረሻውን ሁሉ ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። የውጭ መንገዶች የማይነገሩባት ስተብ ኤሪያ መሸጋገሪያ እንዳትሆን የተከለከለችው፣ የባክቦኑም አድራሻዎች ወደ መሸጋገሪያዋ ሲገቡ በአንድነት እንዳይጠቀለሉ የታዘዘው ስለዚህ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ቨርቹዋል ሊንክን ዋሻ አስመስለው ይሥሉታል፤ አይደለም።

ለጊዜው ችግር የተሠራው ጥገና በብዙ ቤት ቋሚ ግድግዳ ሆኖ መቅረቱን ግን አልወደውም። በ2003 የወጣው አርኤፍሲ 3509 የሲስኮና የአይቢኤም ራውተሮች የድንበር ራውተርን ትርጓሜ ከዋናው መጽሐፍ ለየት አድርገው እንደሚይዙ፣ በዚህም ቨርቹዋል ሊንክ የማያስፈልግበት ቦታ እንደሚኖር መዝግቧል። ሊንኩ ራሱ ከአራተኛው የአይፒ ትውልድ ወደ ስድስተኛው በ1999 በአርኤፍሲ 2740 ተሻግሯል፤ በዚያ ግን ራውተሮች ከጎረቤት ጋር የሚነጋገሩበት አድራሻ ከአንድ ሽቦ አልፎ የማይሄድ ስለሆነ፣ በሁለቱም ጫፍ ርቆ የሚታወቅ አድራሻ እንዲኖር ግዴታ ሆኗል።