ፍጥነቱ በደንቡ፣ ታፔላው የት?

ከመቱ ወደ ኖፓ የሚሄድ ሹፌር በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንዲነዳ እንደተፈቀደለት ጠይቁት። «እንደ መንገዱ ነው» ይላችኋል። የሚቀልድ ይመስላል እንጂ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ከከተማ ውጪ ያለውን መንገድ በሦስት ደረጃ ከፈለው። አውቶሞቢል በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100፣ በሁለተኛ ደረጃ 70፣ በሦስተኛ ደረጃ 60 ኪሎ ሜትር፤ ከባድ መኪና 70፣ 50፣ 40። ለመንጃ ፈቃድ የተፈተነ ሁሉ ሸምድዶታል። ግን መንገዱ ደረጃውን ግንባሩ ላይ ጽፎ አይጠብቅህም። ጥሩ አስፋልት ያየ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ነው ብሎ ይረግጣል።

ነገሩ ሥር አለው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ምኒልክ ዘንድ በ1900 ዓ.ም. ሲደርስ የፍጥነት ጥያቄ አልነበረም፤ የጠፋው መንገዱ ነበር። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፣ ከዚያም በባሮ ላይ በመርከብ ወደ ሱዳን። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመውና የዓለም ባንክ የመጀመሪያው የመንገድ ብድር የመጣው ሁለቱም በ1943 ዓ.ም. ነው። የዘመኑ ጭንቀት መንገድ መክፈት ነበር። እንደኔ ግምት ልማዱ ከዚያ ተተከለ፦ ሥራ የሚለካው በተከፈተ ኪሎ ሜትር ነው፣ ታፔላ ግን የመጨረሻ ጣጣ።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትሸጋገርም ለውጡ ከታፔላ ይልቅ በትእዛዝና በወሬ ነው የደረሰው ብዬ አስባለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስዊድን ያንኑ ስታደርግ ወደ 360 ሺህ የሚጠጉ ምልክቶችን ቀይራለች። እኛ ዘንድ ያን ያህል የሚነቀል ታፔላ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ከበደሌ መቱ፣ ከመቱ ጎሬ አስፋልት ነው። አይሱዙው፣ ቅጥቅጡ፣ ሚኒባሱ ይበራል። ከተማ ሲገባ የ2003ቱ ደንብ ለአውቶሞቢል 60፣ ለከባድ መኪና 30 ይል ነበር። ከተማው የት ይጀምራል? የኢሉባቦር ከተሞች መንገድ ተከትለው ስለሚያድጉ ቤቱ፣ ገበያውና ባጃጁ ከታፔላው ቀድመው ይቀበሉሃል። ታፔላው ራሱ ቢኖርም ዝናቡ የማያቋርጥበት አገር ነውና ክረምቱን ቅጠል ይውጠዋል፤ አለዚያም ብረቱ ተነቅሎ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሥራ ላይ ሳለ የተተከለው «30» ነው። ተቋራጩ ጨርሶ ሄዷል፣ ቁጥሩ ቆሟል። ገደቡ የት እንደሚያልቅ የሚነግር ምልክት የለም። ሹፌሩ ይንቀዋል፣ ከዚያ እውነተኛውንም 30 ትምህርት ቤት አጠገብ ይንቀዋል። ሕፃን የሚሻገረው እዚያ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ራዳር የያዘ ትራፊክ ያቆመዋል፤ «የት ተጽፏል?» «ደንቡ ላይ።» ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ክርክሩም አያልቅም። ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ካስጠነቀቀው ግን ክርክሩ ራሱ አይነሳም፤ ለጊዜው ዝግ ይላል፣ ትራፊኩን ካለፈ በኋላ ይረግጣል።

ደንቡ አስፋልቱን ደረጃ ሲሰጥ ቁጥሩን መንገዱ መግቢያ ላይ መጻፍ ከአስፋልቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ተቋራጩም መንገዱን ሲያስረክብ «30»ውን ነቅሎ ይሂድ፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀውም ከዚያ በኋላ ይሁን።